በአባቱ ስም የተቀበረው

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ሸሚዝ ላይ ስም መጥለፍ ነበር። ሊማር የሚሄድበት ትምህርት ቤት፣ አጣቢ ቤት እንዳይቀላቀል እያንዳንዱ ልብስ የባለቤቱ ስም ይኑረው ብሎ ነበር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቀይ ክር መርፌ ውስጥ አስገባለሁ፤ እሱ አንገትጌውን እየገለበጠ ያቀብለኛል።

«በፈረንጅ ፊደል ጥለፊው» አለኝ። «ደሞ ደምሴ በይው። እዚያ ሰው የሚጠራው በአባቱ ነው አሉ።»

«የአባትህን ሸሚዝ ነው እንዴ የምጠልፈው?»

«አስኩ፣ ደንባቸው ነዋ!»

«ደንባቸው ከሆነ እነሱ ይጥለፉት። እኔ ያገባሁት ወርቅነህን ነው።»

ሳቀና ተወኝ። ሸሚዞቹ ሁሉ ላይ ወርቅነህ ብዬ በእኛው ፊደል ጠለፍኩ። ካልሲዎቹ ጋ ስደርስ ክሩ ሊያልቅ ሆነና «ወ» ብቻ አደረግኩላቸው። ከዚያ ሽሮ በላን። ሻንጣው አልዘጋ ሲል እኔ ተቀመጥኩበት፣ እሱ ቆለፈው። በማግስቱ ሄደ።

ወርቅነህ የማዕድን ነገር በሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቆርቆሮ ከድንጋይ እንዴት እንደሚወጣ ተምረህ ና ተብሎ እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ወደሚባል የምዕራብ ጠረፍ ተላከ። የዶሮ ማነቂያ ጎረቤቶቻችን ለቀልድ አይሰንፉም፤ «ወርቅ ሆኖ ተወልዶ ቆርቆሮ ፍለጋ ባሕር ተሻገረ!» አሉ። እሱም ደብዳቤ ሲጽፍልኝ መጨረሻው ላይ «ያንቺው ቆርቆሮ» ይል ነበር።

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፤ ሴቲቱ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ከኋላዋ ይቆማል። የእኔ መርዶ የመጣው በባንኮኒ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ከባልሽ ሻንጣ መጥቷል፣ ነይና ውሰጂ» ብሎ ላከብኝ። ስጦታ የላከልኝ መስሎኝ ነጠላዬን ቀይሬ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ። ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ሰውዬ ሻንጣውን ገፋ አደረገልኝና «እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ፣ ባንድ ትንፋሽ። ወርቅነህ በሳንባ ምች ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሮ፣ አርባው ካለፈ በኋላ ነበር። ሰልስቱም አርባውም ሳይታሰብለት አለፈ። እነዚያን ቀኖች ምን ስሠራባቸው እንደዋልኩ አላውቅም፤ ምናልባት ስስቅ ነበር። ይህን ቁጣ ይዤ ተጓዝኩ፣ ይህንኑ ይዤ እጽፋለሁ። ረጋ ያለ የአገር ማየት ወሬ የፈለገ አንባቢ ከሌላ ሰው ይጠይቅ።

አማቴ አቶ ደምሴ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር በእግራቸው መጥተው አዲስ አበባ የገቡ ሰው ናቸው። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክር፣ ጥብጣብና የልብስ ቁልፍ የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ አላቸው። እሄዳለሁ ስላቸው አልከለከሉኝም። የአንገት ወርቄን ሸጬ የጎደለውን እሳቸው ሞሉልኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ልጄ ምን ላይ እንደተኛ አይተሽ ነይልኝ። ራስጌው ምን እንደሚል አንብበሽ ነይልኝ።»

ሰኞ። ዐቢይ ጾም ነበር። ጎረቤቴ ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፤ እስላም ብትሆንም የእኔን ጾም ከእኔ ይልቅ የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። «የፈረንጅ ምግብ ዓይን እንጂ ሆድ አይሞላም» ብላ ዳቦ ቆሎ በከረጢት አስታቀፈችኝ። አውሮፕላኑ ላይ ፈረንጇ አስተናጋጅ ዶሮ አመጣችልኝ፤ መለስኩላት። እንቁላል አመጣችልኝ፤ መለስኩላት። ቀጥላ አይብ ይዛ ስትመጣ ከረጢቴን ፈትቼ ዳቦ ቆሎ ዘገንኩላት፤ ተቀብላኝ እዚያው ቆማ ቆረጠመችው። አስመራ አረፍን፣ ካይሮ አረፍን፣ አቴና አደርን። ስለ አቴና የምነግራችሁ የለኝም። ያደርኩበት ክፍል መስኮት የሚያሳየው ግድግዳ ነበር፤ እኔም ግድግዳውን አየሁት።

ማክሰኞ። ለንደን ደረስን። ከተማው ጠቁሯል፤ ቤቱ ሁሉ ጭስ ሲጠጣ የኖረ የማድ ቤት ግድግዳ ይመስላል። ፒያሳን ብቻ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ልንገረው፦ ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ያለውን መንገድ በሰውና በመኪና አጨናንቀህ ሙላው፣ ከዚያ ድምፁን ሁሉ ውሰድበት። ሎተሪ ብሎ የሚጮህ የለም፣ ማንም ማንንም አያቆምም። ባረፍኩበት ሆቴል ቁልፍ የምትሰጠው ሴት ፓስፖርቴን አየችና «እንኳን ደህና መጡ፣ ሚስስ ተክሌ» አለችኝ። ሚስስ ማለት የእገሌ ሚስት ማለት መሆኑን ከትምህርት ቤት አውቃለሁ። ተክሌ ደግሞ አባቴ ነው።

«ልጁ ነኝ እንጂ ሚስቱ አይደለሁም» አልኳት።

ፓስፖርቱን ደግማ አየች። ከዚያ ለእብድ በሚታዘንበት ዓይነት አዝና ቁልፉን ሰጠችኝ። ለብቻዬ ሳቅሁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየልኝም።

ረቡዕ። ቀኑን ሙሉ ባቡር። እኛ ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ ወሬና ስንቅ አብሮን ይሄዳል፤ እዚህ ሰው ጋዜጣውን እንደ መጋረጃ ይዘረጋል። ቀይ አፈር አየሁ፣ በግ አየሁ። ሐዲዱ በባሕሩ ዳር ሲያልፍ ማዕበል መስኮታችንን በውኃ መታው፤ ከእኔ በቀር የደነገጠ የለም። በኋላ አንድ ትልቅ የብረት ድልድይ ላይ ባቡሩ ቀስ ሲል፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን አጠፉና «አሁን እንግሊዝን ለቀቅሽ» አሉኝ።

«ወዴት ገባሁ?»

«ኮርንዎል ነዋ። ድሮ የራሳችን ቋንቋ ነበረን።»

«አሁንስ?»

«የሚናገረው ሰው ሞተ» አሉና መልሰው ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ድልድዩ የሃብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ብዙ እጥፍ ያህላል፤ አንድም ሰው ግን ሎሚ አይሸጥበትም።

ከባቡር ወርጄ አውቶቡስ ጠበቅሁ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ «ነይ ግቢ፣ ውሽማዬ!» አለኝ። በእነሱ አፍ «ማይ ላቨር» ነው ያለኝ፤ ያችን ቃል ደግሞ በደንብ አውቃታለሁ። ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሻለሁ።

«ምን አልክ?»

«ግቢ እንጂ ውሽማዬ፣ ዝናብ መጣ!»

«ውሽማህን ከእናትህ ሰፈር ፈልግ!» አልኩት በአማርኛ፤ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሰዎች ስድብ አላስተማሩኝም። ሻንጣዬን አንስቼ በእግሬ ነጎድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ያሉት ሴቶች አፋቸውን ከፍተው አዩኝ።

የዚያ አገር የገጠር መንገድ መሬት ውስጥ የሰመጠ ቦይ ይመስላል። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ ድንጋይ ተክቧል፤ ድንጋዩን ሣር ውጦታል፤ አናቱ ላይ ቢጫ አበባ ያለው እሾህ በቅሏል። የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው፣ እሱም ያፈሳል። በስብሼ፣ ሻንጣው እጄን ልጦኝ ስሄድ፣ የወንድ ካፖርት የደረቡ አንዲት ወፍራም አሮጊት ከፊት ለፊቴ እያለከለኩ መጡ።

«ሚስስ ደምሴ! ሚስስ ደምሴ!»

ወርቅነህ ቤታቸው ተከራይቶ የኖረባቸው፣ እንደምመጣም አስቀድሞ የተነገራቸው ሚስስ ትሬጌር ነበሩ። ለካ ሾፌሩ አውቶቡሱን በራቸው ላይ አቁሞ «እንግዳሽ ተቆጥታ በእግሯ እየመጣች ነው» ብሏቸዋል። እኔ ግን የሰማሁት ስሙን ብቻ ነው።

«ደምሴ አማቴ ናቸው!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ለንደን የአባቴ ሚስት አደረጉኝ፣ እዚህ የአማቴ! ከዚህ ወዲያ ብሄድ ለማን ልትድሩኝ ነው?»

ነገሩ እስኪገባቸው ቆሙ። ሲገባቸው ሳቅ ጥሏቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ አንቺ ማነሽ፣ ውሽማዬ?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። እሳቸውም! በዚያ አገር ለዳቦ ሻጩም፣ ለቄሱም፣ ለውሻውም እንዲሁ እንደሚባል ያወቅሁት ምድጃቸው አጠገብ እግሬን ስዘረጋ ነው።

«አስካለ ተክሌ እባላለሁ።»

«የባልሽን ስም አልወሰድሽም?»

«ምን ብዬ እወስድበታለሁ? የራሱ ነው።»

ከምድጃው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥቅልል አወጡ፤ በሊጥ ውስጥ ሥጋና ድንች ተሞልቶ የሚጋገር ነው። ወርቅነህ ሲጾም አይተው ነበርና ለእኔ ድንችና ሽንኩርት ብቻ ሞልተው፣ ሊጡንም በዘይት ለውሰው ነው የጋገሩልኝ። ማዕድን ጉድጓድ የሚወርድ ሁሉ ምሳው ይህ ነበር። ከጓደኛው ምሳ ጋር እንዳይለዋወጥበት ሚስቱ በአንዱ ጥግ ላይ የስሙን መጀመሪያ ፊደል በቢላዋ ትቀርጽለታለች፤ እሱም ከሌላው ጥግ ጀምሮ ይበላል፤ ስሙ መጨረሻ ይቀራል።

የእኔን ወደ ብርሃን አዞርኩት። መነጽር የሚመስል ምልክት ነበረበት። ወ።

«ካልሲውን ሳጥብ አየሁታ» አሉ። «ፊደልህ ይሄ ነው? አልኩት። ሚስቴ ናት የሰጠችኝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቀርጬለት አላውቅም።»

የራሴን እጅ ጽሑፍ በሰው አገር ዳቦ ላይ አየሁት። መጀመሪያ መብላት አቃተኝ። በኋላ በላሁት፤ ፊደሉን መጨረሻ።

ሐሙስ። ወደ መቃብሩ ሄድን። ሰበካው ሴንት ኬላን ይባላል። ቅዱሱ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባሕር ተሻግሮ መጣ ይላሉ፤ ሲነግሩኝ አታምኚም ብለው ሥጋት ገብቷቸው ነበር። እኛ ባንድ እግሩ ቆሞ የጸለየ ጻድቅ ያለን ሰዎች፣ ድንጋይ ተንሳፈፈ ቢሉን ምን ይገርመናል? ቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ያለና ግራጫ ነው፤ ሥላሴን ያየ ሰው ዕቃ ቤት ነው ሊለው ይችላል። መቃብሮቹ ሣር ለብሰው ዙሪያውን ተኝተዋል። የወርቅነህ በሰሜኑ አጥር ሥር፣ ባሕር የተፋቸው ስም የለሽ መርከበኞች ከተቀበሩበት አጠገብ ነው።

ድንጋዩ የትምህርት ቤት ሰሌዳ የሚመስል ጥቁር ጠፍጣፋ ነው። በላዩ አንድ የፈረንጅ ፊደል፣ ከፊደሏ ቀጥሎ ነጥብ፣ ከዚያ እጅግ በትልቁ ደምሴ። ከሥሩ፣ «ከአቢሲኒያ»።

ሌላ የለም። ባሌ ነጥብ ያላት አንዲት ፊደል ሆነ። የተቀበሩት አቶ ደምሴ ናቸው። በዚያች ሰዓት ድልድዩ አጠገብ ጥብጣብ እየለኩ፣ ከገዢ ጋር እየተከራከሩ ያሉት ሰውዬ የመቃብር ድንጋይ ተጭኖባቸዋል። ማልቀስ አስቤ ነበር የሄድኩት፤ ቁጣው እንባዬን አደረቀው። ስሙን ከዳር እስከ ዳር ጠርቼ ልጮህ ፈለግሁ፤ የእኛ ሙሾ ግን ተቀባይ ይፈልጋል፣ ተቀባይ አልነበረኝም። ሣሩ ታጭዶ፣ ባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ቢጫ አበባ ቆሞ ነበር። የሚስስ ትሬጌር ሥራ ነው። ለዚያም እንኳ ያን ቀን አላመሰገንኳቸውም።

ዓርብ። ቄሱ ቤት ሄድኩ። በእንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አንድ ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው ለሚስስ ትሬጌር እርስዎ አድርጌዋለሁ፤ ለቄሱ ግን አንተ፣ ተናድጄ ነበርና። ጢም የሌለው፣ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ነው። ቄስና ትምባሆ! ሚስቱ ወተት የገባበት ሻይ አቀረበችልኝ፤ አልነካሁትም።

«ድንጋዩን ያቆሙለት ጓደኞቹ ናቸው» አለኝ። «ተማሪዎች ሆነው አዋጥተው። በፍቅር ነው።»

«ፍቅራቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው። ስሙ ግን የእሱ አይደለም። ደምሴ አባቱ ናቸው፣ በሕይወት አሉ።»

«ደምሴ የቤተሰብ ስሙ አይደለም እንዴ?»

«እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሰው ነው ያለን። እያንዳንዱም ስም አለው።»

ፒፓውን አወረደ። «በቀብሩ ላይ እኔ ራሴ ጸሎት አድርሼለታለሁ።»

«በማን ስም?»

«ወንድማችን ደምሴ ብዬ።»

«እንግዲያው የቁም ሰው ፈትተሃል።»

አልገባውም። ፍትሐት ምን እንደሆነ፣ በክርስትና ስሙ ገብረ ኪዳን ተብሎ ያልተጠራ ሟች ለእኔ እንዳልተሸኘ እንደሚቆጠር፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ደግ ሰው ሲሳሳት የሚጮኹበት ጠፍቶ ያንቃል።

«ምን እንዲጻፍ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

ወረቀት ተቀብዬ ወርቅነህ ደምሴ ብዬ ጻፍኩለት፣ ወርቅነህን በትልቁ። ዘቅዝቆ አየው፣ ደግሞ አቃናው።

«እኔ ይህን ማንበብ አልችልም። በግቢያችን የሚቆም ጽሑፍ የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጳጳሱም ያላነበቡትን አይፈቅዱም። በእኛ ፊደል ቢሆን እንኳ ወራት ይወስዳል።»

«ሰኞ እሄዳለሁ።»

«እንግዲህ…» አለና ፒፓውን መልሶ አፉ ላይ አደረገ። «እንግዲህ»ን የት እንደተማረ አላውቅም፤ የእኛን መሥሪያ ቤት ሰው ቁርጥ መሰለኝ።

ቅዳሜ። ሚስስ ትሬጌር አገራቸውን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ነፋሱ ያለውንም እንደ አሮጊት ወገብ አጉብጦታል። በየኮረብታው ጣሪያ የሌለው ድንጋይ ቤትና ረጅም የጭስ ማውጫ ቆሟል፤ ከጉድጓድ ውኃ ይስብ የነበረ ሞተር ቤት ነው። መሬቱ ላዩ ሣር፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከመንገድ አትውጪ አሉኝ፤ ላም ይውጣል።

«የሚሠራው የቱ ነው?» አልኳቸው።

«እዚህ? አንድም። ወደ ማዶ ጥቂት አሉ። ቆርቆሮው በአያቴ ዘመን አለቀ።»

ቆምኩ። ባሌን ቆርቆሮ ይማር ብለው የላኩት ቆርቆሮው ወዳለቀበት አገር ነው። እውነት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ትልቅ ስም አለው፣ አስተማሪዎቹም አዋቂዎች ናቸው። እኔ ግን የታየኝ ጭስ የማይወጣበት ጭስ ማውጫ ብቻ ነበር።

ማዕድኑ ሲያልቅ የሰበካው ወንዶች በዓለም ተበተኑ። በየአገሩ የሰውን መሬት ሲቆፍሩ፣ እዚያው ወድቀው ቀሩ። የሚስስ ትሬጌር አባት ወርቅ ሊያወጣ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ አልተመለሰም።

«ለአገርሽ ቅርብ ነው?» አሉኝ።

«ሩቅ ነው።»

«ቢሆንም አፍሪካ ነው። እዚያ አንድ ሰው የአባቴን ሣር ያጭድለት ይሆናል ብዬ ነው የባልሽን የማጭደው።»

ማንም አያጭድለትም ልል አፌ ላይ መጣ። እንዲያ ነበር ያናደደኝ፤ ሐዘኔን ከሐዘናቸው ጋር እኩል አድርገው ሊያቃልሉብኝ የፈለጉ መሰለኝ። መንገድ ዳር ካለው የቅዱሱ ጠበል ስንደርስ ግን ቁጣዬ ትንሽ በረደ። ምንጩ ላይ የጎበጠ እሾህ ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ ታስሮበታል፣ የእኛ አገር ዋርካ ነው የሚመስለው። እሳቸው ለጉልበታቸው አንድ አሰሩ። «ቄሱ አይወድም» አሉኝ። «የእኛም ቄስ አይወድም» አልኳቸው። ከጠበሉ ጠጣሁ።

«የእርስዎስ የራስዎ ስም ማነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ትሬጌር ባልዎ ናቸው።»

ቆም ብለው አሰቡ፤ እውነቴን ነው፣ አሰቡ። «ቤሲ» አሉ። «ከባሌ ወዲህ ማንም የጠራኝ የለም።» ከዚያ በኋላ እማማ ቤሲ አልኳቸው።

እሑድ። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ተቀምጠው ይጸልያሉ፤ ጫማቸውንም አያወልቁም። ሲያልቅ ቄሱ ከሌላ ከተማ ለመጡ እንግዶች በበሩ አጠገብ ያለ አንድ የቆመ ድንጋይ ማሳየት ጀመረ። ረጅም ነው፤ ጎኑ ላይ የጭረት ጽሑፍ አለበት።

«ከዚህ ቤተ ክርስቲያን በፊት የነበረ ነው» አለ፣ ድንጋዩን እንደ በሬ እየዳበሰ። «የማን መታሰቢያ እንደሆነ አናውቅም። ጽሑፉንም እስከ ዛሬ በትክክል ያነበበው የለም።»

«ይህንንስ ጳጳሱ አንብበው ነው የፈቀዱት?» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ቄሱ ቀላ። «ይሄ እኮ ጥንታዊ ነው።»

«የባሌም ይቆይ እንጂ ጥንታዊ ይሆናል። ካልተጻፈ ግን በምኑ ያርጃል?»

እማማ ቤሲ ሳል ያዛቸው። ሳል አልነበረም።

ቄሱ ባርኔጣውን አንስቶ ተሰናበተኝ። ከሰዓት በኋላ እማማ ቤሲ ሊጥ ሲያቦኩ አየኋቸው፤ ለመንገዴ ስንቅ ነው። ጥጉ ላይ መነጽሩን ሲቀርጹ ቢላዋቸውን አየሁት፤ ትንሽ፣ ስለቷ ያለቀ፣ ጫፏ ግን ሹል።

«ያ ጥቁር ድንጋይ በቢላዋ ይጫራል?» አልኳቸው።

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «በልጅነታችን በሚስማር ስማችንን እንጽፍበት ነበር» አሉ። ቢላዋውን ከነሊጡ አቀበሉኝ።

ሰኞ። አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት በጠዋት ሄድን። ፊቱን አልነካሁትም፤ እነዚያ ተማሪዎች አዋጥተው ያቆሙት ነው፣ የአማቴም ስም ነው። በጀርባው፣ በአጥሩ በኩል፣ ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ጀመርኩ። ወ አስቸገረኝ፤ ድንጋይ ክብ ነገር አይወድም። ር ቀለለኝ። ዝናቡ ጭረቱን እያጠበ ነጭ አድርጎ ያሳየኛል። እማማ ቤሲ ካፖርታቸውን ዘርግተው ቆመውልኛል፤ ከመንገድ ይከልሉኝ ይሁን ከዝናብ አልጠየቅኋቸውም። ቅ ላይ ስደርስ ቄሱ በአጥሩ በር ብቅ አለ። አየን። ፒፓውን ለኮሰ፣ ሳይቸኩል። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ በመጣበት ተመለሰ።

የ«ቅ»ን እግር ስጨርስ የቢላዋው ጫፍ ተሰበረ።

ከድንጋዩ ጀርባ «ወርቅ» ተብሎ ቀረ። «ነህ» አልተጻፈም። አማርኛ ለማያውቁት ለእማማ ቤሲ ልገልጽላቸው ሞከርኩ፤ ስሙ ሁለት ቃል መሆኑን፣ ወርቅ ነህ ማለት መሆኑን፣ የጎደለው «ነህ» የሚለው መሆኑን። ጭረቱን በጣታቸው ዳበሱና «እሱማ ነው የጎደለው» አሉ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሙሾዬን በአማርኛ አወረድኩ፤ እሳቸው ቃሉን ሳያውቁት በየመጨረሻው ተቀበሉኝ።

አውቶቡሱ ያው የረቡዕ ሾፌር ነበር። በሩን ከፈተ፣ ከልማዱ «ግቢ ማይ» አለና ዋጠው። «ግቢ፣ አስካለ» አለኝ፤ «ኤስካሊ» ነው ያለው፣ ግን ስሜ ነው። ሻንጣዬንም እሱ ጫነልኝ።

ስመለስ መንገዱ ያው ነው፤ ያው ድልድይ፣ ያው ባቡር፣ ያው ግድግዳ። አዲስ አበባ የገባሁ ዕለት ቤቴ ሳልደርስ በድልድዩ በኩል ወደ ሱቁ ሄድኩ። አቶ ደምሴ ለአንዲት ሴት ጥብጣብ እየለኩ ነበር። ሸኟት። በርጩማ ሳቡልኝ።

«ራስጌው ምን ይላል?»

ልዋሽ በመንገድ ሁሉ ሳጠና መጥቼ ነበር። አልቻልኩም። ነገርኳቸው፤ ፊደሏን፣ ነጥቧን፣ ስማቸውን። የቁም ሰው ስም መቃብር ላይ ሟርት ነውና ያማትባሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ስሜ በትልቁ ነው?» አሉ።

«በትልቁ ነው፣ አባባ።»

ጥብጣቡን በጣታቸው ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ ጠቀለሉት። «ልጄ እዚያ ባሕር ማዶ ብቻውን ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ተዪው፣ ልጄ። ስሜ አብሮት ይተኛ። እኔ እዚህ ያለ ስምም ክር እሸጣለሁ።»

ተናደድኩባቸው። እስከ ዛሬም እንደተናደድኩባቸው ነኝ፤ ያውቁታል፣ ሻይ ሲያቀርቡልኝ ስኳሩን ያበዙልኛል። አባት ስሙን ለልጁ ብርድ ልብስ አድርጎ ማልበስ ይችላል፤ መብቱ ነው። እኔ ግን ያገባሁት ወርቅነህን ነው። በተክሊል ያጋቡን ቄስ ዘንድ ሄጄ ገብረ ኪዳን ብዬ አስፈታሁት። ለዚያ አገር ጳጳስም ጻፍኩ። መልሱ ለሚስስ ደምሴ ተብሎ መጣ። እንዲህ የምትባል ሴት ብትኖር የወርቅነህ እናት ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ፖስታውን ሳልከፍት «ባለቤቷ የለችም» ብዬ መለስኩትና እንደገና ጻፍኩ፤ ከሥሩ በትልቁ አስካለ ተክሌ ብዬ ፈረምኩ።

አሁን በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከአማቴ ጋር ክር እሸጣለሁ። በየወሩ መጀመሪያም ያ «ነህ» እንዲጨመር ለጳጳሱ እጽፋለሁ።